ጓሮ ላይ ንጣፍ ልታሰሩ ነው? ከድንጋዩ በፊት ስሩን እዩ

አልዌሮ ግድብ አካባቢም ሆነ ጋምቤላ ከተማ ሙቀቱ ማታ ማታ ሰውን ከቤት ያስወጣል። ጓሮ ላይ ቡና የሚጠጣበት ንጣፍ ማሰራት ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰው ብሩን ድንጋዩ ላይ ያፈስና ስሩን ይረሳል። እስቲ በአጭሩ እንያቸው።

1. አፈሩ፦ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ድንጋዩን በቀጥታ እሱ ላይ ካነጠፋችሁ ይነቃነቃል።

2. ቁፋሮው፦ ቢያንስ 25 ሳ.ሜ። 15ቱ በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ 4ቱ አሸዋ፣ 6ቱ ንጣፉ። ዋልካ ከሆነ ጠጠሩን ጨምሩ።

3. ተዳፋቱ፦ በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ ከቤቱ ወደ ውጭ ዝቅ ይበል። ለ4 ሜትር 8 ሳ.ሜ ማለት ነው። ይሄ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሳምንት በላይ የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ጋምቤላ ደግሞ ወባ የሚበረታበት አገር ነው።

4. ጠርዙ፦ ዙሪያውን በሲሚንቶ ካልያዛችሁት ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል።

5. ጥላው፦ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ይግላል። ማንጎ ካላችሁ ከሱ አጠገብ አድርጉት፤ ሥሩን ግን አትቁረጡ።

ሒሳቡን እኛ እንስራላችሁ፦ 3 በ4 ሜትር 12 ካሬ ነው። ተጠቅጥቆ 1.8 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ፣ ለስብርባሪ 10 በመቶ ጨምራችሁ 13.2 ካሬ ድንጋይ ያስፈልጋል። ጠጠሩ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ አስበልጣችሁ ግዙ።

ሥራውን ዝናቡ ሳይገባ በበጋ ጨርሱት። ሊያሰራ ላሰበ ጓደኛችሁም አጋሩት።