ጨረራ በግራፋይት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው?

ግራፋይት የካርቦን አቶሞች በንብርብር የተደረደሩበት ማዕድን ሲሆን፣ በአንዳንድ የኒውክሌር ማብላያዎች ውስጥ የኒውትሮኖችን ፍጥነት ለመቀነስ ያገለግላል።

ፈጣን ኒውትሮን አንድን የካርቦን አቶም ሲመታ ከቦታው ያፈናቅለዋል። አቶሙ በነበረበት ስፍራ ክፍተት ይፈጠራል፤ የተፈናቀለው አቶም ደግሞ በንብርብሮቹ መካከል ይሰነቀራል። ግራፋይቱ የሚሠራበት ሙቀት ዝቅተኛ ከሆነ እነዚህ ጉድለቶች እየተጠራቀሙ ኃይል ያምቃሉ። ግራፋይቱ በበቂ መጠን ሲሞቅ በርካታ አቶሞች ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ የታመቀው ኃይል በሙቀት መልክ ይለቀቃል። ይህ ኃይል በፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ዊግነር ስም “የዊግነር ኃይል” ተብሎ ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1957 በእንግሊዝ አገር ዊንድስኬል በሚገኝ ማብላያ፣ ይህንኑ ኃይል ለማስወጣት ሙቀቱን ከፍ የማድረግ ሥራ በሚከናወንበት ወቅት እሳት ተነሥቷል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወደ አየር በመለቀቁም 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን አካባቢ የተመረተ ወተት ለሽያጭ እንዳይቀርብ ታግዷል።

ስለሆነም የማብላያ ደኅንነት ቁጥጥር በዓይን የሚታየውን ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን፣ በአቶም ደረጃ የሚጠራቀመውን ጉዳት መከታተልንም ይጠይቃል። በጽሕፈት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ግን በማብላያ ውስጥ ለኒውትሮን ያልተጋለጠ በመሆኑ ይህ ስጋት የለበትም።