ስለ እጅ ሥራ ትምህርትና ስለ እንጦጦ ዕንጨት ተሸካሚዎች

በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተባለ። እድ በግዕዝ እጅ ማለት ነውና የስሙ ትርጓሜ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ እጅን ያከበረ ቢሆንም በኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ግን ምላስን ቢያስፈራ ልብን ፈጥኖ አይለውጥም፤ ስለዚህ ፊደል የከበደው ልጅ ብቻ ወደ እጅ ሥራ ይላክ የሚለው አሳብ ዛሬም በየመንደሩ ይሰማል።

ይህ ንቀት በሌላውም አገር የታወቀ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1911 ዓ.ም. ሲቋቋም ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት በ1916 ዓ.ም. አባል ሆነች። ከብዙ ዘመን በኋላም ዩኔስኮ የተባለው የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ኅዳር 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት በፓሪስ አንድ ስምምነት አጸደቀ። በስምምነቱ ለመግባት የሚያበቃ ትምህርት ያለው ሰው በፆታው፥ በዘሩ፥ በሃይማኖቱ ወይም በድህነቱ ምክንያት ከሙያ ትምህርት እንዳይከለከል፥ ችግረኛ ለሆኑትም ልዩ አሳብ እንዲደረግ፥ አስተማሪውም ሙያውንና የማስተማርን ዘዴ አጣምሮ እንዲያውቅ ተጽፏል። ከውጭ አገር መንግሥታት የመጣ ርዳታም በኢትዮጵያ ውስጥ ፍሬ አሳይቷል፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሕንፃና መኪና የሚደርሰው ትምህርት ቤት ለገባው ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ደጅ ደርሶ ለማያውቀውስ የሙያ ትምህርት እንዴት ይደርሰዋል? ለዚህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል።

ከተማይቱ ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። እንጦጦም፥ ከርሱ ጋር የሚያያዘው የየካ ኮረብታም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ከዚያም በኋላ ድኻ ሴቶች፥ ልጃገረዶችም ጭምር፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ከፍታ እየወጡ ጭራሮና ቅጠል ሰብስበው፥ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ እየወረዱ ይሸጡ ጀመር። ወገብ ይጐብጣል፥ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሸክሙ አይቀልላትም፤ ጠባቂ ያገኛት እንደ ሆነ ደግሞ የቀኑን ድካሟን ሁሉ ይነጥቃታል። ይህን ኑሮ የሚገልጽ ጥናት ሴቶቹን ራሳቸውን በመጠየቅ ተደርጎ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 በዓለም የሥራ ድርጅት ታተመ።

ከዚህ በኋላ በዚሁ ድርጅት ርዳታ ተሸካሚዎቹ ማኅበር አቋቁመው ሌላ ሙያ ይማሩ ጀመር። የማኅበሩም ስም የቀድሞ ዕንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ሆነ፤ «የቀድሞ» የምትለዋ ቃል ብቻ እንኳ ብዙ ትናገራለች። የተማሩትም በይበልጥ ሽመና ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሴት ጥጡን ትፈትላለች፥ ወንድ ግን ከጕድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ፥ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ፥ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ይሸምናል። ሴት ከመወርወሪያው የራቀችው ልማድ ስለ ከለከላት እንጂ እጇ ስለማይችል አይደለም፤ ይህም ሴቶቹ በሠሩት የአንገት ልብስና ነጠላ ታይቷል። ፈትልን አስቀድሞ የሚያውቅ እጅ የድርንና የማግን ነገር ለማስተዋል ከሌላው ይልቅ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ መሸመን ማወቅ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ዕንጨት የምትሸከም ሴት ዛሬ የሸጠችውን ዛሬ ማታ ከልጆቿ ጋር ትበላለች። ለእንዲህ ያለች ሴት ብዙ ወራት ተቀምጠሽ ተማሪ ማለት፥ የዕለት ጉርሷ ካልታሰበላት፥ ጦም እደሪ እንደ ማለት ነው። ከተማረችም በኋላ ጥጥ የሚገዛ ገንዘብና የሠራችውን የሚገዛት ሰው ያስፈልጓታል። የማኅበሩን ሥራ ከሚገዙት ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ ጐብኚዎች ስለ ሆኑ፥ እንግዳ ሲጠፋ ልብሱ ከመደርደሪያ ሳይነሣ ይሰነብታል። ብዙ የሙያ ትምህርት አሳቢዎች የምስክር ወረቀቱን ቈጥረው ገበያውን ሳይቈጥሩ የቀሩት በዚህ ስፍራ ነው።

ከዚያው ተራራ በታች በየካ ክፍለ ከተማ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ይገኛል። የርሱም ዋና ሥራ ሙያ የሚያስተምሩትን መምህራን ማስተማር ነው፤ የፓሪሱ ስምምነት ስለ አስተማሪ የተናገረውም ይህንኑ ነበር። በአንድ ከተማ ጥግ ለመምህራን የሚሆን ታላቅ ትምህርት ቤትና የዕንጨት ተሸካሚዎች የሽመና ቤት ይገኛሉ። ማኅበሩ የሚይዘው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ሸክማቸውን አዝለው በፈረንሳይ ሌጋሲዮንና በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱት ሴቶች አሁንም አልጠፉም።