የጠጠር መንገድ ገበያ፤ ናሚቢያ ለባለመኪና ተጓዥ ያዘጋጀችው ምንድን ነው?

የቱሪስት ንግድ ሲነሳ የአብዛኛው ባለሀብት ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሆቴል ነው። መሬት፣ ሕንፃ፣ አልጋ፣ ምግብ ቤት። ነገር ግን ሆቴል የማይፈልግ ደንበኛም አለ። አልጋውን መኪናው ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ ውኃውንና ናፍጣውን በጀሪካን ይዞ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድን አገር ከዳር ዳር ያስሳል። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ጉዞ ኦቨርላንዲንግ ይሉታል። ይህ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመኪና፣ ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለድንኳን መትከያ ቦታና ለፓርክ መግቢያ በመሆኑ ወጪው በዋና ከተማ ሳይቆም በየመንገዱ ይበተናል።

በዚህ ገበያ በአፍሪካ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ አገሮች አንዷ ናሚቢያ ናት። የቆዳ ስፋቷ 824 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው ቆጠራ ሕዝቧ 3 ሚሊዮን ያህል ነው። ለመሆኑ ምን ስላላት ነው? አሸዋ ከሆነ ሰሃራ አለ። የዱር እንስሳ ከሆነ ታንዛንያ አለች። ተራራ ከሆነ ከእኛ ሰሜንና ባሌ የሚበልጥ ብዙ አይገኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ናሚቢያ ውስጥ ያለ ተጓዥ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ቀጣዩ ናፍጣ፣ ቀጣዩ ውኃ፣ ቀጣዩ ጎሚስታና የማታ ማደሪያው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ያውቃል። ለገበያ የቀረበው ዕቃ ይህ እርግጠኝነት ነው። መልክዓ ምድሩ ምርቃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመንገዱ እንጀምር። የናሚቢያ የመንገድ መረብ ከ48 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አስፋልት የለበሰው 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጠጠር፣ አሸዋና፣ በባሕሩ ዳርቻ በኩል ደግሞ ከጨው የተሠራ መንገድ ነው። ይህ ለጭነት ነጋዴ ጉድለት ቢመስልም ለዚህ ገበያ ግን ሲሳይ ነው። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ቢሆን ኖሮ ትንሿ የቤት መኪና በበቃች፤ ውድ የሆነውን ባለ ፎር ዊል ፒክአፕ የሚከራይ ባልተገኘ ነበር። መንገዱ ሁሉ የተበላሸ ቢሆን ደግሞ ኢንሹራንስ ሰጪው በሸሸ። የሚፈለገው መሃሉ ነው፤ ግሬደር በየጊዜው የሚያልፍበት ጠጠር መንገድ። ለመንገዱ ጥገና የሚውለው ገንዘብ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ፣ ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድና ከውጭ የሚገቡ መኪኖች ድንበር ላይ ከሚከፍሉት ይሰበሰባል። ተጓዡ ራሱ የሚነዳበትን መንገድ ያስጠግናል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በታወቀው የሶሱስፍሌይ አሸዋ ክምር ከሰስሪየም በር እስከ ስልሳ ኪሎ ሜትር ድረስ አስፋልት ተዘርግቷል። የመጨረሻዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ግን ልቅ አሸዋ እንደሆኑ ተትተዋል። ፎር ዊል የያዘው ራሱ ነድቶ ይገባል፤ ያልያዘው ከፍሎ በሌላ መኪና ይገባል። ሁለቱም ገበያ ነው።

ነዳጁም በዚያው ስሌት የተቀመጠ ነው። ሰስሪየም ማደያ አለ፤ ወደ ሰሜን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሶሊተር የምትባል ስም እንጂ ሕዝብ የሌላት ጣቢያ ላይ ሌላ ማደያ ይገኛል። ወደ ሰሜን ምዕራቡ ካኦኮላንድ የሚዘልቅ ደግሞ ኦፑዎ ላይ ታንከሩንና ጀሪካኑን ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ነገር የለም፤ እርግጠኛ ነገር አለመኖሩም አስቀድሞ ይታወቃል።

ወደ ኪራይ መኪናው ስንመጣ የትርፍና የኪሳራው ሒሳብ ይገለጣል። በዊንድሁክ የሚከራየው የተለመደው መኪና ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ ጣሪያው ላይ አንድ ወይም ሁለት ድንኳን፣ ፍሪጅ፣ ለፍሪጁ ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለት ትርፍ ጎማና ሙሉ የማብሰያ ዕቃ ይዞ። ገበያው በሚደምቅበት ወቅት በቀን ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሰምቶ የሚቋምጥ ይኖራል። ነገር ግን ጠጠር መንገድ መኪና ይገለብጣል። አስፋልት የለመደ አውሮፓዊ በ120 እየነዳ ኩርባ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፤ መኪናው ይንሸራተታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ድንኳን ክብደት ደግሞ ይጨምርበታል። ስለዚህ አከራዮቹ በጠጠር ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ብዙዎቹ ፍጥነቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ይገጥማሉ። ከገደቡ በላይ ነድቶ ወይም በሌሊት ተጉዞ የተገለበጠ ደንበኛ የኢንሹራንስ ሽፋኑን ያጣል። ጎማና መስታወትም በመደበኛው ሽፋን ብዙ ጊዜ አይካተቱም። ከመኪናው ይልቅ ትርፉን የሚጠብቀው ውሉ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ድንበር ነው። ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ናቸው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተ፣ በዓለም በዕድሜ አንጋፋው ነው። በአንዱ አባል አገር የተመዘገበ የኪራይ መኪና ከአከራዩ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል። የናሚቢያ ዶላርም ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ ደንበኛው የሚገዛው አንድ አገር ሳይሆን አንድ ቀጣና ነው።

ከዚህ ቀጣና ውጭ ሲወጣ ግን ካርኔ የሚባለው ሰነድ ይመጣል። የቀረጥን ነገር የሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ የሚጥል መንግሥት፣ ቱሪስቱ መኪናውን ይዞ ገብቶ ሸጦ በአውሮፕላን እንዳይመለስ ይሰጋል። ስለዚህ የተጓዡ አገር የአውቶሞቢል ክበብ ዋስ ይሆናል። መኪናው ሲገባ ይመታል፣ ሲወጣ ይመታል፤ ካልወጣ ክበቡ ቀረጡን ይከፍላል። ግብፅ ይህን አጥብቀው ከሚጠይቁት መካከል ናት፤ በዚያ ላይ የራሷን ጊዜያዊ ታርጋ ታስለጥፋለች።

በመጨረሻ የመንደሩ ሰው አለ። ይህን ነጥብ ባለሀብት ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች በክልላቸው ካለው የዱር እንስሳና ቱሪዝም ገቢ እንዲያገኙ ፈቀደች። ዛሬ በዚህ መልክ የተመዘገቡት ጥብቅ ቦታዎች ከ80 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የድንኳን ሥፍራ አላቸው፤ የእሳት ቦታ፣ ውኃ፣ በማገዶ የሚሞቅ ሻወር። ሌላ ብዙ የለም። ግን ሌሊት መኪና ሲመጣ መንደሩ እንደ ደንበኛ ያየዋል። ይህ ባልሆነበት አገር የሚያልፍ መኪና ለገበሬው አቧራ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ድንጋይ ቢወረውሩ አይገርምም።

በዚህ ሁሉ መካከል ለሥጋ ነጋዴ የሚሆን አንድ ወሬ ጣል እናድርግ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ናሚቢያ የሚሻገር መንገደኛ ጥሬ ሥጋ ይዞ የእንስሳት በሽታ መከላከያ አጥሩን ማለፍ አይችልም፤ ወደ አውሮፓ የሚላከው የደቡቡ ከብት ገበያ እንዳይበላሽ ነው። ፍሪጁን የሞላ ቱሪስት ኬላ ላይ ሲያራግፍ ማየት የተለመደ ነው።

ናሚቢያ ነገሩ ሁሉ ተመቻችቶላታል ማለት ግን አይደለም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካን፣ እንግሊዝንና ጀርመንን ጨምሮ ከሠላሳ በላይ አገሮች ዜጎች ቪዛ እንዲከፍሉ ወስናለች፤ አፍሪካዊ ላልሆነ 1,600 የናሚቢያ ዶላር። ለአራት ሰው ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ባለው የታወቀ መስመር ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ዋና መተላለፊያ ነበረች። በመተማ ገብቶ፣ ጎንደርንና ላሊበላን አይቶ፣ በኦሞራቴ ወይም በሞያሌ የሚወጣው መንገደኛ ብዙ ነበር። በኬንያ በኩል ሽፍታ የሚያሰጋበትና መኪና እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ ፒስታ የሚሰባበርበት የሞያሌ–ኢሲዮሎ መንገድ እንኳ አስፋልት ሆኗል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ መስመሩ መሃል ላይ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። አንድ ሰንሰለት ሲበጠስ ሌላው ቢጠነክር ዋጋ የለውም። በዚያው ዓመት አንጎላ ለ98 አገሮች ዜጎች ቪዛ አነሳች፤ በሞሮኮ ተነስቶ ምዕራብ አፍሪካን የሚያቋርጠው መንገድ የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። ያም መንገድ የሚያደርሰው ናሚቢያ ነው።

የእኛን ገበያ የሚያስብ ባለሀብት መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የውጭ መንግሥታትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ነው። እውነት ይሁን የተጋነነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተጓዡ ኢንሹራንስ ግን ያነበዋል። ማስጠንቀቂያ የተጣለበት ወረዳ ውስጥ የገባ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ይቋረጣል። ሁለተኛው መኪናው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ የኪራይ ላንድክሩዘሮችን አሰባስቦ መነሳት የማይታሰብ ሆኗል። ያለው አሮጌ ነው፤ የሚከራየውም ከነሾፌሩ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ከጎባ ተነስቶ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ያለውን ሳነቴን አቋርጦ ደሎ መና መውረድ ይቻል ይሆናል፤ ባትሪውን መንገድ ላይ የት ይሞላል የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። በ2023 የጀመረው የነዳጅ የኤሌክትሮኒክ ክፍያም አገር ውስጥ የባንክ ሒሳብ ለሌለው እንግዳ እንቅፋት ነው።

ባለሙያ የማይጠብቀው ሥራ ግን አለ። በሞያሌ የሚገባ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ከናይሮቢ ወዲህ ዘይት፣ ፊልትሮና የባሌስትራ ብየዳ ይፈልጋል። ከዚያ ወይ የመጣበትን ይመለሳል፣ ወይም መኪናውን በጅቡቲ በኩል መርከብ ያሳፍራል። ኤሌክትሮኒክስ የሌለው የላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ሶማሌ ተራ ላይ እንደ ቤተ ዘመድ የሚታወቅ ነው። ድንኳን የሚተከልበት የታጠረ ግቢ፣ ውኃ፣ ዘብና አንድ ታማኝ መካኒክ ያለው ሰው፣ ብዙ ካፒታል ሳያስፈልገው ይህን ደንበኛ ሊያስተናግድ ይችላል።