ጤነኛውን ሰው መመርመር፦ ሲቲ ስካንና ኩላሊት ለጋሽ

ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛ ነው። ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊለግስ የፈቀደ ሰው ግን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይመረመራል። ምርመራው ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ ሁለቱም ኩላሊቶች ጤናማ ናቸው ወይ? ከሆኑስ የትኛው ይወሰድ? በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስ መልሱን የሚያገኝበትን መንገድ እንመለከታለን።

በተራ የኤክስሬይ ፎቶግራፍ የአካል ክፍሎች ጥላ ተደራርቦ ይታያል። በሲቲ ስካን ግን የጨረሩ ምንጭ በሰውነት ዙሪያ እየተሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ ይለካል፤ ኮምፒውተሩም እያንዳንዱ የአካል ነጥብ ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያዳክም ያሰላል። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው። የስሌቱን መሠረት የጣለው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክና መሣሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ለጋሹ በመጀመሪያ ያለ መድኃኒት ይነሣል፤ ጠጠር ካለ በዚህ ዙር ደምቆ ይታያል። ቀጥሎ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በክንዱ ደም መልስ ይሰጠዋል። የአዮዲን አቶማዊ ቁጥር 53 በመሆኑ፣ በአመዛኙ ከሃይድሮጅን፣ ከካርቦንና ከኦክስጅን ከተሠራው ሥጋችን ይልቅ ኤክስሬይን አብዝቶ ይመጥጣል። ከ30 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ደም ቅዳዎቹ፣ ከ100 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ኩላሊቱ በሙሉ ይደምቃል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ኩላሊት አዮዲኑን አጣርቶ ከሽንት ጋር ስለሚያወጣው፣ ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቧንቧ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአንድ ኩላሊት ሁለት ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ፣ ቀዶ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዙር ጨረራ ይጨምራል። ሕመምተኛ ጨረራውን የሚቀበለው ለራሱ ፈውስ ሲል ነው፤ ለጋሹ ግን ለሌላ ሰው ሲል ነው። ታዲያ ለምን ጨረራውን በቀላሉ አንቀንስም? ወደ ሩብ ብንቀንሰው የምስሉ ነጠብጣባማነት በእጥፍ ይጨምራል፤ ቀጫጭን ደም ቅዳዎችም ሊሰወሩ ይችላሉ። ስለዚህ ዙሮቹን መቀነስ ይመረጣል። ለምሳሌ አዮዲኑን በሁለት ጊዜ ከፍሎ በመስጠት አንዱ ዙር የሁለቱን ሥራ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ወይም የመጨረሻው ዙር በአንድ ተራ ኤክስሬይ ይተካል።

ሁለቱ ኩላሊቶች እኩል ጤናማ ከሆኑ ደም መልሱ ረዘም ስለሚል ብዙ ጊዜ የግራው ይወሰዳል። ልዩነት ከተገኘ ግን የተሻለው ለለጋሹ ይቀራል። በአገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው ንቅለ ተከላም በሕይወት ባሉ ለጋሾች ላይ የቆመ ነው። በምስሉ ላይ የምንቆጥበው እያንዳንዱ ጨረር፣ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ለሚመለሰው ሰው የሚከፈል ውለታ ነው።