የብርሃን መንገድ በዓይናችን ውስጥ

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የ1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ዝቅ ብሎ በየካ ክፍለ ከተማ ደግሞ በዓይን ሕክምናው የታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛል። ቴሌስኮፑም ዓይናችንም የሚሠሩት በአንድ መርሕ ነው፤ ብርሃንን ሰብስቦ ጥርት ያለ ምስል መፍጠር። በዚህ ጽሑፍ ይህ መርሕ ሲታወክ የሚከተሉትን ሕመሞች እንመለከታለን።

የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ብርሃን የመስበር አቅሙ 60 ዳዮፕተር ገደማ ነው። የዚህን ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚያከናውነው ከፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ሲሆን ቀሪው የውስጠኛው ሌንስ ድርሻ ነው። ዓይን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ይፈጠራል፤ ግድፈቱም 3 ዳዮፕተር ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ተማሪ ከ33 ሳንቲ ሜትር በላይ የራቀውን አጥርቶ አያይምና ጥቁር ሰሌዳው ይደበዝዝበታል። ሰነፍ ተብሎ የሚወቀሰው ልጅ የሚያስፈልገው መሐሉ የሳሳ ሌንስ ያለው መነፅር ብቻ ሊሆን ይችላል። መነፅር ዓይንን ያደክማል የሚባለውም መሠረት የለውም፤ ሌንሱ የብርሃኑን አቅጣጫ ያስተካክላል እንጂ ዓይኑን አያዳክምም።

የዓይን ሞራ ግን ከዚህ ይለያል። በሌንሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ተጓጉለው ብርሃንን እንደ ጉም ይበትኑታል። የተበተነን ብርሃን ደግሞ መነፅር መልሶ ሊሰበስበው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከነበረው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው ይኸው ሞራ ነበር። መፍትሔው የደፈረሰውን ሌንስ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው፤ ይህንም ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ጀምሮታል። ዛሬ ሞራው «እስኪበስል» መጠበቅ አያስፈልግም።

ለሞራ ዋናው ምክንያት ዕድሜ ቢሆንም አልትራቫዮሌት ጨረርም ያባብሰዋል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በእንጦጦ አናት ላይ ከባሕር ወለል ይልቅ በሲሶ ያህል ይበረታል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ይጠቅማል። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር መነፅር ግን ሊጎዳ ይችላል፤ ጥላው የዓይንን ቀዳዳ ስለሚያሰፋው ወደ ውስጥ የሚገባው ጨረር ይጨምራልና።

ግላኮማ ከሁሉም የከፋ ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም የዕይታን ዳር ዳር እየሸረሸረ የዓይንን ነርቭ ይገድላል። የዓይንን ግፊት የሚቀንሱ ጠብታዎችና ቀዶ ሕክምና ጉዳቱን ይገቱታል እንጂ የጠፋውን ዕይታ አይመልሱም። ስለዚህ ዕድሜያችን ከ40 ያለፈ ሁሉ፣ ይልቁንም በቤተሰባችን ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ ደህና እያየንም ቢሆን መመርመር ይገባናል።