«ኤቪደንስ» ማለት «ማስረጃ» ማለት ብቻ ነውን?

መዝገበ ቃላት ገልጠን «ኤቪደንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ብንፈልግ ከጎኑ «ማስረጃ» የሚል ፍቺ እናገኛለን። ፍቺው ትክክል ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ያችን አንዲት ቃል በደብተራችን ጫፍ ጽፈን «በቃ አወቅሁት» ብለን ማለፋችን ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ እንዲህ የተያዘ ቃል ዓረፍተ ነገር ልንሠራበት ስንነሣ ከእጃችን ያመልጣል። መምህር ለሚሆን ሰው ደግሞ ጉዳቱ በራሱ አያበቃም፤ እርሱ ያጣመመውን ቃል የክፍሉ ተማሪ ሁሉ አጣምሞ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ስም ዐወቅን የምንለው ምን ምኑን ስናውቅ ነው? እስቲ በዚሁ በ«ኤቪደንስ» እንመልከተው።

የቃሉ ዘር

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ሥሩ በላቲን «ማየት» የሚለው ግሥ ነው፤ ሁላችንም የምናውቃቸው «ቪዲዮ» እና «ቪዛ» የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ «ኤቪደንስ» በመነሻው ወጥቶ፥ ፈክቶ ለዓይን የሚታይ ነገር ማለት ነው። ዛሬም «ኢን ኤቪደንስ» ሲባል «ጎልቶ የሚታይ» ማለት ነው። የእኛ «ማስረጃ» ግን የመጣው «አስረዳ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሌላውን ሰው የምናስረዳበት ነገር ማለት ነው። እንግሊዝኛው ዓይንን፥ አማርኛው መረዳትን ይዞ ተነሣ። ሁለቱ ቃላት ጎረቤት ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም።

የማይገናኙበት ቦታ

በአማርኛ «የትምህርት ማስረጃህን አምጣ» እንላለን። ይህን ቃል በቃል «ኤጁኬሽን ኤቪደንስ» ብሎ የሚተረጉም ሠልጣኝ አይጠፋም። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ አይልም፤ ወረቀቱ «ሰርተፊኬት» ወይም «ትራንስክሪፕት» ይባላል። የገንዘብ መክፈያ ማስረጃም «ሪሲት» ነው፤ እኛም ደረሰኝ እንለዋለን። ምስክር ሆኖ የሚቆመው ሰው ደግሞ «ዊትነስ» ይባላል። «ኤቪደንስ» ሰውየው ሳይሆን የሚናገረው ቃል ነው።

የሚገርመው፥ እንግሊዝኛውም በድሮ ጊዜ ከእኛ አነጋገር ጋር የተቀራረበበት ቦታ አለ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32፥ የመሬት ግዢው ውል ወረቀቶች በዚሁ ቃል፥ ያውም በብዙ ቁጥር ተጠርተዋል። ያ አነጋገር ግን አርጅቷል። ዛሬ ተማሪ ቢጽፈው ስሕተት ነው።

አይቆጠርም

እኛ «ማስረጃ፥ ማስረጃዎች» ብለን እንቆጥራለን። እንግሊዝኛው ግን «ኤቪደንስን» እንደ ውኃና እንደ ዱቄት ነው የሚያየው። ስለዚህ ከፊቱ «አን» አይገባም፤ ከኋላውም የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይጨመርም። መቁጠር ካስፈለገ ውኃን በብርጭቆ እንደምንቆጥር ሁሉ መስፈሪያ እንሰጠዋለን፦ «ኤ ፒስ ኦፍ ኤቪደንስ»፥ «ቱ ፒስስ ኦፍ ኤቪደንስ»። ብዛቱን ስንናገርም «ሜኒ» ሳይሆን «መች» ነው የምንለው። ማስረጃው የቱንም ያህል ቢበዛ ግሡ በነጠላ ቁጥር ይሄዳል፦ «ዘ ኤቪደንስ ኢዝ ክሊር»። «ኢንፎርሜሽን»፥ «አድቫይስ»፥ «ኢኩዊፕመንት» እና «ሆምወርክም» በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። አንዱን በደንብ የያዘ ሌሎቹን በቀላሉ ይይዛል።

ባልንጀሮቹ

ስም ብቻውን አይኖርም፤ አብረውት የሚውሉ ቃላት አሉት። «ኤቪደንስ ኦፍ» ካልን የሚከተለው መኖሩ የታየው ነገር ነው፤ ለምሳሌ የበሽታ ምልክት። «ኤቪደንስ ፎር» ካልን የሚከተለው የሚደገፈው ሐሳብ፥ «ኤቪደንስ አጌንስት» ካልን የሚነቀፈው ሐሳብ ወይም የሚከሰሰው ሰው ነው። «ኤቪደንስ ዛት» ካልን ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ከፊቱ የሚገቡት ቅጽሎችም «ስትሮንግ»፥ «ክሊር»፥ «ዊክ» የመሳሰሉት ናቸው። «ትልቅ ማስረጃ» ስላልን ብቻ «ቢግ» ብንልበት ለጆሮ ይጎረብጣል። ግሡም እንዲሁ ነው። ማስረጃ ይሰበሰባል፥ ይገኛል፥ ይቀርባል፤ «ሜክ» ግን አብሮት አይሄድም። «ጊቭ ኤቪደንስ» ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር ማለት ነው።

ከ«ፕሩፍ» ይለያል

ሁለቱንም «ማስረጃ» ብለን ስለምንተረጉማቸው ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። «ኤቪደንስ» ወደ አንድ ሐሳብ የሚያመለክት ነገር ነው፤ ሊጠነክርም ሊደክምም ይችላል። «ፕሩፍ» ግን ነገሩን የሚቋጭ ማረጋገጫ ነው። የሒሳብ መምህር ይህን በቀላሉ ያሳያል። መቶ ጎነ ሦስቶችን በፕሮትራክተር ለክተን የእያንዳንዱ የሦስቱ ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ ገደማ ቢሆን፥ ይህ «ኤቪደንስ» ነው። መቶ አንደኛውስ? ለጎነ ሦስት ሁሉ እውነት መሆኑ የሚታወቀው በትይዩ መሥመሮች ጠባይ ተነሥተን ደረጃ በደረጃ ስናረጋግጠው ነው። ያ ነው «ፕሩፍ»።

ከክፍል ውስጥ አንድ ምሳሌ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስና የታሪክ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ይህ ቃል በየጥያቄው ይመጣል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን እንውሰድ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። «ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር» የሚለው አባባል ነው፤ ገና «ኤቪደንስ» አይደለም። «ኤቪደንሱ» የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ እንደኛው ወደ ውስጥ ማዘንበሉ፥ የዳሌዋም አጥንት አጭርና ሰፊ መሆኑ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ታንዛንያ ውስጥ ላይቶሊ ላይ የተገኘው የእግር ዱካ ደግሞ ሌላ «ፒስ ኦፍ ኤቪደንስ» ነው። ዱካው ከድንቅነሽ ዘመንም ይቀድማል፤ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመ ነው።

እንግዲህ «ዋት ኢዝ ዘ ኤቪደንስ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «በሁለት እግሯ ትሄድ ስለነበር ነው» ብሎ ቢመልስ ጥያቄውን መልሶ ደገመው እንጂ አልመለሰም። ትምህርቱ ሳይጎድለው በቃሉ ምክንያት ነጥብ ያጣል። ከነጥቡም በላይ የሚያሳዝነው፥ «ይህን በምን ዐወቅን?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ማጣቱ ነው። ይህን ልማድ የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ራሱ ቃሉን ካልለየው ከየት ያመጣዋል?

እስቲ ሞክሩት

ከዚህ በታች ያሉትን በእንግሊዝኛ ስትገልጹ «ኤቪደንስ» የሚገባው የቱ ላይ ነው? እንዴትስ ይገባል?

1. የትምህርት ማስረጃዬን ይዤ መጥቻለሁ።
2. ሁለት ማስረጃዎች ቀረቡ።
3. ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች።

መልስ፦ በመጀመሪያው አይገባም፤ «ሰርተፊኬት» ነው። በሁለተኛው «ቱ ፒስስ ኦፍ ኤቪደንስ» እንላለን። በሦስተኛው «ማስረጃ» የሚል ቃል ባይኖርም «ጌቭ ኤቪደንስ» ይሆናል።

ከእንግዲህ አዲስ ስም ሲያጋጥመን ከፍቺው ጎን አራት ነገር እንጻፍ፦ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከየትኛው መስተዋድድ ጋር ይሄዳል? የትኛው ግሥ ይስማማዋል? ከአማርኛው ፍቺ የሚለየው የት ላይ ነው? በቀን አንድ ስም በዚህ ዓይነት የያዘ ሠልጣኝ፥ ሃያ ቃል ከነፍቺው ሸምድዶ ከሚያድረው ይልቅ ሰሌዳው ፊት ሲቆም ይተማመናል።