የቀርከሃ ጠብመንጃ በጃፓን ልጆች እጅ

ካሚዴፖ የጃፓን ልጆች ከቀርከሃ እየቆረጡ የሚሠሩት መጫወቻ ነው። ስሙ ከሁለት ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ «ካሚ» ወረቀት፣ «ቴፖ» ደግሞ ጠብመንጃ ማለት ነው። እሳት የሚተፋው ጠብመንጃ እ.ኤ.አ. በ1543 በፖርቱጋሎች እጅ ታኔጋሺማ ወደምትባለው ደሴት እንደ ገባ በጃፓን ታሪክ ይነገራል። መጫወቻው ግን ከዚያ መሣሪያ ስሙን ተዋሰ እንጂ አሠራሩን አልወሰደም። ባሩድ የለው፣ ምላጭ የለው፤ ጥይቱን የሚያስፈነጥረው በሁለት ውታፎች መካከል የታፈነው አየር ብቻ ነው። አሠራሩ ከላይ ሲያዩት እጅግ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ አንዱ ልጅ የሠራው በየጊዜው ጥርት ያለ ድምፅ ሲያሰማ፣ የሌላው ልጅ ሥራ ትንፋሹ እየሾለከ ወይም ዘንጉ እየተቀረቀረ ዝም ይላል። የሁለቱ ልዩነት የሚገኘው በጕልበት ሳይሆን በልክ ነው።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም አፈሙዙ፣ መግፊያው ዘንግና ውታፉ ናቸው። አፈሙዙ በሁለት አንጓዎች መካከል ከሚገኘው የቀርከሃ ክፍል ይቆረጣል። የውስጡ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱም ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለልጅ እጅ ይስማማል። የቀርከሃ ውስጡ በተፈጥሮው ክፍትና ልስልስ ስለ ሆነ መሰርሰሪያ አያሻም፤ የቀረውን ስስ ሽፋን ጠርጎ ማውጣት ብቻ ይበቃል። በመጋዝ ሲቆረጥ ግን ቀርከሃውን ቀስ በቀስ እያዞሩ ዙሪያውን መቍረጥ ይገባል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ እንደ ሆነ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም አየሩን ያሾልካል። ቀርከሃው ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ውታፉ በሰፊው ወገን ይገባና በጠባቡ ይወጣል፤ በዚህ አኳኋን ውታፉ እየተጓዘ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የደረቀው ይመረጣል።

መግፊያው ዘንግ የሚበጀው ከቀርከሃ ፍላጭ ነው። ዘንጉ በአፈሙዙ ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ መመላለስ አለበት፤ አየሩን የሚዘጋው ውታፉ እንጂ ዘንጉ አይደለምና። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ዘንጉን ከአፈሙዙ ጋር ልክ ለልክ ለማድረግ ሲደክም ነው፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ይተሻሽና መንገድ ላይ ይቀረቀራል። እጀታው የሚሠራው ከዚያው ቀርከሃ፣ አንጓ ካለበት አጭር ቍራጭ ነው። የእጀታው ቀዳዳ ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ ዘንጉ በእጀታው መካከል ከተተከለ በአፈሙዙም መካከል ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ልክ የዘንጉ ርዝመት ነው። ዘንጉ እስከ እጀታው ሲገባ ከአፈሙዙ በአንድ ውታፍ ርዝመት፣ ማለት በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠር አለበት።

ይህም የሆነበት ምክንያት ከተኩሱ ሥርዓት የተነሣ ነው። ውታፉ የሚሠራው በውሃ ተነክሮ ከተጨመቀ የጋዜጣ ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ውታፍ በዘንጉ እየተገፋ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ይደርሳል፤ ዘንጉም አጭር ስለ ሆነ ሳያስወጣው በዚያው ይተወዋል። ሁለተኛው ውታፍ ከኋላ ገብቶ ሲገፋ፣ በሁለቱ መካከል ያለው አየር ይታመቃል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስታወቀው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአየር መጠን በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል። ሃያ ሳንቲ ሜትር የነበረው አየር ሳይሾልክ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢታመቅ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የፊተኛው ውታፍ ይህን ግፊት መቋቋም ሲያቅተው በድምፅ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ የኋለኛውም ውታፍ ስፍራውን ይዞ ለሚቀጥለው ተኩስ የፊተኛ ይሆናል። ወረቀቱ ውሃ ከበዛበት ያለ ጊዜው ያመልጣል፤ ከደረቀ ደግሞ በዙሪያው አየር ያሳልፋል።

ጥይቱ ሁልጊዜ ወረቀት አይደለም። ሱጊዴፖ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ሱጊ የተባለውን የጃፓን ጥድ የወንዴ እንቡጥ ይተኩሳል። እንቡጡ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ አፈሙዙ የሚቆረጠው ከቀጭኑ የቀርከሃ ዓይነት ነው፤ ዘንጉም የቀርከሃ ስንጥር ወይም የቢስክሌት ጎማ ቀጭን ሽቦ ይሆናል። እንቡጡ የሚለቀመው አበባው ሳይፈነዳ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ኤኖኪ የተባለው ዛፍ ፍሬና ጃኖሂጌ የተባለው ሣር ሰማያዊ ፍሬም እንዲሁ ለጥይትነት ያገለግላሉ። በዚህ ዓይነት መጫወቻው ከቦታው ዕፅዋትና ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ጕዳይ በጃፓን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእንግሊዝና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ልጆች አፈሙዙን የሚያወጡት ሳምቡከስ ከሚባለው ቍጥቋጦ ቅርንጫፍ ነው፤ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ነገር ተገፍቶ ሲወጣ ቀዳዳው ተዘጋጅቶ ይገኛል። በሕንድ አገር ደግሞ በባስታር ግዛት በጃግዳልፑር ከተማ የጎንቻ በዓል ሲከበር፣ ሕዝቡ ቱፕኪ በሚባል የቀርከሃ ጠብመንጃ ፔንግ የተባለውን የዱር ፍሬ እየተኮሰ ለጃጋናት አምላክ ሰላምታ ያቀርባል። በአንዱ አገር የልጆች ጨዋታ የሆነው፣ በሌላው የአምልኮ ሥርዓት ክፍል ሆኗል። አሠራሩ አንድ ሲሆን፣ ትርጕሙን የሚሰጠው ኅብረተሰቡ ነው።

በጃፓን ይህን ዕውቀት ያዳከመው ከፋብሪካ የወጣው መጫወቻ ብቻ አይደለም። ልጆች ቀርከሃ የሚቀርጹበት ሂጎኖካሚ የተባለው ርካሽ ሰንጢ በሂዮጎ ክፍለ ሀገር በሚኪ ከተማ ይሠራ የነበረና በየተማሪው እጅ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1960 አሳኑማ ኢኔጂሮ የተባሉት የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ በቶኪዮ በአንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በስለት ተወግተው ሲሞቱ፣ ለልጆች ስለት አይሰጥ የሚል እንቅስቃሴ በአገሩ ተስፋፋ። ሰንጢው ከልጁ እጅ ሲወጣ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፍ የነበረው የእጅ ዕውቀትም አብሮ ደከመ። ቀርከሃውም ጋዜጣውም አልጠፋም፤ የጐደለው ሁለቱን የሚያገናኘው መሣሪያና ልማድ ነው።

እንግዲህ የሕዝብን ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። አፈሙዙን ብቻ ወስዶ በመስተዋት ሣጥን ያስቀመጠ እንደ ሆነ፣ ያስቀመጠው ባዶ ቀርከሃ ነው። የውታፉ ዓይነትና እርጥበቱ፣ የዘንጉ እጥረት፣ ፍሬው የሚለቀምበት ወር፣ የተቀረጸበት ስለት፣ እንዲሁም ማን ለማን እንዳስተማረው አብረው ካልተጻፉ፣ ዕቃው ቢቀመጥም ዕውቀቱ አይገኝም። እነዚህ ደግሞ ከሠሪው አፍ ካልተጠየቁ በቀር ከዕቃው ላይ አይነበቡም።